ደንገጎ ላይ የተጨመረው 18,000 ብር፦ ስለ ቤት ዕቃ ማጓጓዝ ውል የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በሥራ ዝውውር ምክንያት ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ መጥቻለሁ። የሦስት ክፍል ቤት ዕቃዬን እንዲያመጣልኝ በቴሌግራም ማስታወቂያ ካገኘሁት የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት ጋር በስልክ በ45,000 ብር ተስማማን፤ ዋጋውንና ቀኑንም በጽሑፍ መልእክት አረጋገጠልኝ። 20,000 ብር በአንድ ግለሰብ ስም በቴሌብር ቀብድ ላክሁ። ሐሙስ ተጭኖ ዓርብ ሳቢያን ያለው ቤቴ በር ላይ እንደሚራገፍ ነበር ቃሉ። አዳማ ላይ ግን ሳልጠየቅ ወደ ሌላ አይሱዙ ተገልብጦ ከሽንኩርት ጋር ተጫነ። እሁድ ማታ የማላውቀው ሾፌር ከድሬዳዋ በላይ ካለው ደንገጎ ደውሎ፣ ጭነቱ ከተባለው በላይ ነው፣ ነዳጅም ጨምሯል፣ 18,000 ብር ካልተጨመረ ዕቃው ድሬ አይወርድም አለኝ። በቴሌብር ላክሁለት። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ሲራገፍ የፍሪጁ ጎን ተጨፍልቋል፣ ወዲያው ስሰካውም አልሠራም፤ የቁም ሳጥኑ መስታወት ተሰብሯል፣ ፍራሾቹ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታሉ፣ ሁለት ካርቶን ጎድሏል። በስልክ መብራት ‹ተረክቤአለሁ› የሚል ወረቀት ፈርሜ ቀሪውን 25,000 ብር ሰጠሁ። ልጄ ሲራገፍ ያነሣቸው ፎቶዎች አሉ፤ የመኪናው ሰሌዳም ይታያል። ድርጅቱ አሁን ‹እኛ አገናኝ ነን፣ ሾፌሩን ጠይቅ› ይላል፤ ፖሊስ ደግሞ ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው ብሎ መለሰኝ። የጽሑፍ ውል ስለሌለኝ መብት የለኝም ማለት ነው? ማንንስ ነው የምከሰው? እኅቴ በቅርቡ ወደ ሐረር ትዛወራለች፤ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ ነው ቤት የተከራየችው። የእሷን ዕቃ በባቡር መላክ አይሻልም?»

መልስ፦ ብዙ ባለዕቃ መብቱን የሚተወው «የጽሑፍ ውል የለኝም» በሚለው ሐሳብ ተይዞ ስለሆነ ከዚያ እጀምራለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1719 እንደሚደነግገው፣ ሕግ ለይቶ በጽሑፍ ይሁን ካላለ ወይም ተዋዋዮቹ ራሳቸው በጽሑፍ ይሁን ብለው ካልተስማሙ በቀር ውል በቃል ሊመሠረት ይችላል። እርስዎ ደግሞ ከቃልም አልፈው ዋጋውንና የመድረሻውን ቀን የያዘ የጽሑፍ መልእክት፣ የጥሪ ታሪክና የቴሌብር ማረጋገጫ በእጅዎ አለ። ቀብድ መሰጠቱ ራሱ ውል መደረጉን እንደሚያስረዳ ሕጉ በቁጥር 1883 አስፍሮታል። ስለዚህ ክርክሩ የሚሆነው ውሉ ከማን ጋር እንደተደረገና ምን ግዴታ እንደያዘ ነው። ስልክ ከመቀየርዎ በፊት የመልእክቱን ልውውጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የማስታወቂያውን ገጽና በላዩ ያለውን የስልክ ቁጥር ቀኑ እንዲታይ አድርገው በምስል ያስቀምጡ፤ ቅሬታ ሲበዛ እንዲህ ያለው ማስታወቂያ በአንድ ሌሊት ይነሣል።

«እኛ አገናኝ ነን» የሚለው የድርጅቱ መልስ ከእርስዎ ስጋት የበለጠ ስሕተት አለበት። ደላላ ባለዕቃውንና ባለመኪናውን አቀራርቦ እርስ በርሳቸው እንዲዋዋሉ የሚያደርግ፣ ለዚህም ኮሚሽን የሚከፈለው ሰው ነው፤ ሁለቱ ተገናኝተው ዋጋ ሲቆርጡ ሥራው ያበቃል። በእርስዎ ጉዳይ ዋጋውን የቆረጠው፣ ቀብዱን የተቀበለው፣ የመድረሻውን ቀን ቃል የገባው፣ መኪናውን የመረጠውና አዳማ ላይ የለወጠው ያው ድርጅት ነው፤ የመኪናውን ባለንብረት ስም እንኳን አልነገረዎትም። እንዲህ የሠራ ወገን አንድም መኪና ባይኖረው አጓጓዥ ሆኖ ተዋውሏል፤ ሥራውን በሌላ ሰው ቢያሠራም ያ ሰው ላጠፋው ጥፋት በእርስዎ ፊት የሚጠየቀው እሱ ነው። የሁለተኛው መኪና ባለንብረት በበኩሉ ዕቃውን በእጁ ይዞ ያጓጓዘ፣ 18,000 ብሩም በሾፌሩ በኩል የደረሰው ወገን በመሆኑ ከክሱ ውጭ ሊተው አይገባም። ማንን ልክሰስ ላሉት መልሴ ሁለቱንም በአንድ ክስ የሚል ነው። አንዱን ብቻ ከከሰሱ እሱ ያልተከሰሰውን እየጠቆመ ዓመት ያስቆጥርዎታል።

በዚህ ረገድ የጉዳይዎ ደካማ ጎን ቀብዱ በግለሰብ ስም መላኩ ነው። ያ ግለሰብ የድርጅቱ ሰው መሆኑን የሚያሳየው ማስታወቂያውን፣ የስልክ ቁጥሩንና የክፍያ ትእዛዙን የሚያያይዘው መልእክት ስለሆነ ዋናው ማስረጃዎ እሱ ነው። ጠንካራው ጎን ደግሞ ልጅዎ ያነሣው ፎቶ ነው፤ በሰሌዳ ቁጥሩ የመኪናው ባለንብረት ማን እንደሆነ ከመዝገብ ማረጋገጥ ስለሚቻል፣ ፍርድ ቤቱ መረጃው እንዲቀርብ እንዲያዝልዎ መጠየቅ ይችላሉ። ሾፌሩን ብቻ ይዞ መሟገት አያዋጣም፤ ሾፌር ሥራ ይቀይራል፣ መኪናው ግን የተመዘገበ ንብረት ነው።

18,000 ብሩ ከየት እንደመጣ ካልተረዱ ለእኅትዎ የምሰጠው ምክር ትርጉም ስለማይኖረው ይህን ትንሽ ላስፋው። ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው የቤት ዕቃ በአብዛኛው የሚጫነው ባለንብረቶቻቸው አንድ ወይም ሁለት መኪና ባሏቸው አይሱዙዎች ነው። አስተላላፊው፣ ማለትም እንደ እርስዎ ድርጅት ሥራውን ተቀብሎ ለሌላ የሚያስተላልፈው፣ ከባለዕቃው ጋር በሙሉ መኪና ሒሳብ ይስማማል፤ ከዚያም ዕቃውን ለከተማ ውስጥ ሥራ በተያዘ መኪና እስከ አዳማ ወይም እስከ ሞጆ አድርሶ፣ ወደዚያው አቅጣጫ ሊሄድ ለተዘጋጀ ወይም ለተመላሽ መኪና በተቀነሰ ዋጋ ያስረክባል። ልዩነቱ ለእሱ ይቀራል። ሁለተኛው ሾፌር ብዙ ጊዜ የሚነገረው እውነተኛው የዕቃ መጠን አይደለም፤ «ጥቂት የቤት ዕቃ ነው፣ ከሽንኩርቱ ላይ ይቀመጣል» ይባላል። ሸራው ተከፍቶ ዕቃው ሲጫን ቦታውን ይሞላበታል፤ ከአስተላላፊው ጋር ቢጨቃጨቅ ሥራ እንዳይቀርበት ይሰጋል፤ ስለዚህ ተጨማሪውን ሊከፍል ከሚገደደው ብቸኛ ሰው፣ ከተቀባዩ ይጠይቃል። የሚጠይቀውም ዕቃው ከከተማው አጠገብ ደርሶ ገና ሳይራገፍ፣ ባለዕቃው ሌላ ምርጫ በሌለው ሰዓት ነው። ደንገጎ የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። መንገዱ ለሁለት የሚከፈለው እዚያ ነው፤ አንዱ ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል፣ ሌላው በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ ወደ ሐረር ይቀጥላል፤ ሾፌሩ «ወደ ሐረር አልፌ እሄዳለሁ» ቢል ማስፈራሪያው የሚታመን ይሆናል።

የቀረቡት ሁለት ምክንያቶች አንዳቸውም አያስኬዱም። የሦስት ክፍል ቤት ዕቃ ቦታ ይይዛል እንጂ ለአይሱዙ ከባድ ጭነት አይደለም፤ በሥራዬ ካየሁት ከ30 ኩንታል የሚያልፈው ጥቂቱ ነው። ክብደት ጨምሯል የሚል ሰው የሚዛን ወረቀት ያቅርብ። መኪናውን ያከበደው ሽንኩርት ደግሞ የእርስዎ አይደለም። ነዳጅን በተመለከተ፣ በአገራችን የነዳጅ ዋጋ በየጊዜው እንደሚከለስ ማንኛውም አጓጓዥ ያውቃል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1764 ውሉን መፈጸም ከታሰበው በላይ ከባድ ቢሆንም እንኳን ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። በሐሙስና በእሁድ መካከል የዋጋ ለውጥ ኖሮ ቢሆን እንኳን መልሱ አይቀየርም፤ ዓርብ መድረስ የነበረበትን ዕቃ እሁድ ያደረሰው እሱ ነው።

ሆኖም በዚህ ነጥብ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አጓጓዥ የተስማሙበትን ዋጋ እስኪቀበል ድረስ ዕቃውን አላስረክብም ቢል በሕግ የሚከራከርበት መሠረት አለው፤ በቁጥር 1757 አንዱ ወገን የራሱን ግዴታ ሳይወጣ ሌላውን ፈጽምልኝ ማለት አይችልም። ስለዚህ ቀሪውን 25,000 ብር ሲያራግፍ መጠየቁ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ያልተስማሙበትን ገንዘብ ዕቃውን መያዣ አድርጎ መጠየቁ ነው። በንብረት ላይ በሚደርስ ከባድና ቅርብ አደጋ ተገድዶ የተሰጠ ፈቃድ ውሉን ሊያስፈርስ እንደሚችል ቁጥር 1706 ይናገራል፤ ክሱም መገደዱ ከቀረበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ እንደሚችልም ሕጉ ይደነግጋል፤ ነገር ግን መክፈል እንደማይገባው እያወቀ በፈቃዱ የከፈለ ሰው ይህ መብት የለውም። ተከሳሾቹ የሚይዙት ይህችን ነጥብ ነው፤ «ተስማምቶ ጨመረልን» ይላሉ። ስለዚህ ከደንገጎ የተደወለበትን ሰዓት፣ ገንዘቡ የተላከበትን ሰዓትና መኪናው ሳቢያን የደረሰበትን ሰዓት በቅደም ተከተል ያስቀምጡ፤ ንግግሩን የሰማ የቤተሰብ አባል ወይም ጎረቤት ካለ በምስክርነት ይቁጠሩት። በእንዲህ ያለ ሁኔታ የሚወድቅ ሌላ አንባቢ ከመክፈሉ በፊት «ዕቃዬን ስለያዛችሁብኝ እንጂ ተስማምቼ አይደለም የምከፍለው» የሚል አጭር መልእክት ለሾፌሩም ለድርጅቱም ቢልክ ጉዳዩ ከግማሽ በላይ ያልቅለታል።

ወደ ጉዳቱ ስንመጣ የሚገዛን ሕግ ዕቃን በየብስ ስለማጓጓዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 547/1999 ነው። የዚህ ሕግ ዋና ሐሳብ አጓጓዡ ዕቃውን ከተረከበበት ጊዜ አንሥቶ እስኪያስረክብ ድረስ ለሚደርሰው መጥፋት፣ መበላሸትና መዘግየት ኃላፊ መሆኑ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ዕቃው ደህና ተጭኖ ተበላሽቶ መድረሱን ካሳዩ፣ ጉዳቱ ከእሱ ቁጥጥር ውጭ በሆነ ምክንያት፣ በዕቃው በራሱ ባሕርይ ወይም በባለዕቃው መጥፎ አጠቀላለል የመጣ መሆኑን ማስረዳት የእሱ ፋንታ ነው። «መንገዱ መጥፎ ነው» የሚለው ቋሚ መልስ ከዚህ አይቆጠርም። ከጭሮ እስከ ቁልቢ ያለው ዳገትና ቁልቁለት፣ ከደንገጎ ወደ ድሬ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ አዲስ ነገር አይደለም፤ በዚያ ቁልቁለት ፍሬን በተያዘ ቁጥር ያልታሰረ ጭነት ሁሉ ወደ ጋቢናው እንደሚገፋ የሚያውቅ አጓጓዥ በገመድ ማሰር ነበረበት። ሳያሳውቁ አዳማ ላይ መገልበጣቸው ደግሞ ለእርስዎ ጠንካራ ክርክር ነው፤ ዕቃ በአብዛኛው የሚሰበረውና የሚጎድለው በጉዞ ላይ ሳይሆን ሲወርድና ሲጫን ነው፤ በአንድ ጉዞ ሁለቴ እንዲወርድ ያደረጉትም እነሱ ናቸው።

የፈረሙት ወረቀት ጉዳዩን ያከብደዋል እንጂ አይዘጋውም። ያለ ምንም ማስታወሻ «ተረክቤአለሁ» ብሎ መፈረም ዕቃው በሚታይ መልኩ ደህና ሆኖ እንደደረሰ ግምት ያስወስዳል፤ ይህን ግምት ግን በሌላ ማስረጃ ማፍረስ ይቻላል። ልጅዎ ሲራገፍ ያነሣቸው ፎቶዎች ፊርማው በተሰጠበት ሰዓት ጉዳቱ እንደነበረ ያሳያሉ። ፎቶዎቹን በቴሌግራም ብቻ አያስተላልፉ፤ የተነሡበትን ቀንና ሰዓት የያዘው ዋናው ፋይል በስልኩ ላይ ይቆይ።

ከጉዳቶቹ ሁሉ የሚያከራክረው ፍሪጁ ነው። ፍሪጅ ተጋድሞ ከተጓዘ በኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ማቀዝቀዣው ቱቦ ሊሄድ ስለሚችል፣ ከተራገፈ በኋላ ለሰዓታት ቀጥ ብሎ ሳይቆም መሰካት የለበትም፤ አስተማማኙ እስከ ማግስቱ መተው ነው። እርስዎ ወዲያው እንደሰኩት ጽፈዋል፤ ተከሳሾቹም «ያቃጠለው ራሱ ነው» ይላሉ። ይህን ክርክር ከአሁኑ ለመዝጋት ፍሪጁን ከማስጠገንዎ በፊት ንግድ ፈቃድ ላለው የፍሪጅ ጥገና ባለሙያ ያሳዩትና ብልሽቱ ከመጨፍለቅ ነው ወይስ ከኮምፕረሰሩ የሚለውን በጽሑፍ ይስጥዎ። የኋላው ቱቦ ታጥፎ ወይም ተሰንጥቆ ጋዙ ከወጣ መሰካቱ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ኮምፕረሰሩ ብቻ ከሆነ ግን በዚህ ክፍል ሙሉ ካሳ ላያገኙ እንደሚችሉ አስቀድሜ ልንገርዎ። የጎደሉትን ካርቶኖች በተመለከተ፣ ሲጫን የተያዘ የዕቃ ዝርዝር ባለመኖሩ ሁለት ካርቶን እንደጎደለ እንጂ በውስጣቸው ምን እንደነበረ ማስረዳት ይከብድዎታል፤ የጫኑት ሰዎችና ሲጠቀለል የነበሩ ጎረቤቶች ካሉ እነሱን ይያዙ። ካሳውም የሚሰላው ዕቃው በተጫነበት ጊዜ በነበረው ዋጋ ነው፤ የስምንት ዓመት ቁም ሳጥን በአዲስ ዋጋ አይተመንም። ዓርብና ቅዳሜ ያደሩበት የእንግዳ ማረፊያ ደረሰኝ ካለ ከመዘግየቱ ኪሳራ ጋር ይጠየቃል። ለደረሰብዎ መንገላታት ግን የረባ ገንዘብ አይጠብቁ።

ፖሊስ የመለሰልዎ መልስ በከፊል ትክክል ነው። ውል ማፍረስ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ የተሰበረው መስታወትና የተጨመረው ክፍያ በፍትሐ ብሔር የሚታዩ ናቸው። የጎደሉት ሁለት ካርቶኖች ግን ተለይተው መታየት አለባቸው። በአደራ የተሰጠን ዕቃ ለራስ ማድረግ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675 መሠረት እምነት ማጉደል ነው። ስለዚህ ሁሉንም ቅሬታ ደርበው «አጭበረበሩኝ» ከሚሉ፣ የጎደለውን ዕቃ፣ የመኪናውን ሰሌዳና የሾፌሩን ስልክ ለይቶ የያዘ አቤቱታ በጽሑፍ ያቅርቡ። ንግድ ቢሮም ድርጅቱ ፈቃድ ያለው መሆን አለመሆኑን ማጣራትና እርምጃ መውሰድ ይችላል፤ ካሳዎን ግን ከዚያ ብቻ አይጠብቁ።

አሁን በዚህ ሳምንት ማድረግ ያለብዎ ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው፤ ወር ስላለፈም ከዚህ በላይ አያቆዩት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 መሠረት አንድ ወገን ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ ከመጠየቁ በፊት ሌላውን ወገን ማስጠንቀቅ ይኖርበታል፤ በማጓጓዝ ጉዳይ ላይ ደግሞ ቅሬታ የማቅረቢያውና ክስ የመመሥረቻው ጊዜ ከሌላ ውል አጠር ያለ በመሆኑ መዘግየት በቀጥታ መብትዎን ይጎዳል። በደብዳቤው ላይ ያለ አግባብ የተከፈለውን 18,000 ብር በአንድ አንቀጽ፣ የተበላሸውንና የጎደለውን ዕቃ ከነዋጋው በሌላ አንቀጽ ለያይተው ይጻፉ፤ የመጀመሪያው በወረቀት የሚረጋገጥ ቁርጥ ገንዘብ ሲሆን ሁለተኛው ግምት ስለሚያስፈልገው፣ ከተደባለቁ ቀላሉ ከከባዱ ጋር ይጎተታል። የሚከፍሉበትን ቀን ይወስኑላቸው፤ ለድርጅቱም ለመኪናው ባለንብረትም በየስማቸው ይላክ። መልስ ካልመጣ ክሱን ለመመሥረት አዲስ አበባ መመላለስ አያስፈልግዎትም፤ ዕቃው መድረስና መራገፍ የነበረበት ድሬዳዋ ስለሆነ ውሉ የሚፈጸምበት ቦታ እዚሁ ነው። አዲስ አበባም ድሬዳዋም ተጠሪነታቸው ለፌዴራል መንግሥት በመሆኑ ጉዳዩ የሚቀርበው ድሬዳዋ በሚያስችለው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። የከተማው ፍርድ ቤት ሥልጣን በከተማው ቻርተር፣ በአዋጅ ቁጥር 416/1996፣ በተዘረዘሩ ከተማ ነክ ጉዳዮች የተወሰነ ስለሆነ እዚያ ሄደው ቀን አያቃጥሉ።

ስለ እኅትዎ ጉዞ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ የመኪናውን ባለንብረት ወይም ሕጋዊ ወኪሉን ሳያገኙና በአንድ ገጽ ወረቀት ሳይዋዋሉ አንድ ወንበር እንኳን አይጫን። ባቡሩን ያነሡት በቀና ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር በድሬዳዋ እንጂ በሐረር አያልፍም፤ የጭነት አገልግሎቱም በዋናነት ለኮንቴይነርና ለብዛት ጭነት የተዘጋጀ ነው። ዕቃው በአዲስ አበባ ወደ ጣቢያ፣ ከድሬዳዋ ጣቢያ ደግሞ ደንገጎን ወጥቶ ወደ ሐረር በመኪና መሄዱ ስለማይቀር፣ አንድ ጊዜ ሊጫንና ሊራገፍ የሚችለው ዕቃ ሦስት ጊዜ ይወጣል ይወርዳል። ለአንድ ቤተሰብ ዕቃ አልመክረውም።

የሚያዋዋላቸው ደላላ ቢኖር ክፋት የለውም፤ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ይሂድ፤ በውሉ ላይ የሚፈርመው ግን በሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ወይም ወኪሉ ይሁን። ሊብሬው፣ የሾፌሩ መንጃ ፈቃድና ንግድ ፈቃዱ ፎቶ ይነሡ፤ ሰሌዳው ኮድ 3 መሆኑም ይታይ። በወረቀቱ ላይ ዋጋው በምንም ምክንያት የማይጨምር መሆኑ፣ ዕቃው ከተጫነበት መኪና ወደ ሌላ እንደማይገለበጥ፣ ከሌላ ጭነት ጋር ይደባለቅ እንደሆነ ወይም እንዳይደባለቅ፣ የሚደርስበት ቀንና ሰዓት ይስፈር። የጫኝና አውራጅ ክፍያ በሁለቱም ጫፍ በማን ላይ እንደሆነ ካልተጻፈ ሌላ የጭቅጭቅ በር ይከፈታል፤ የሰፈሩ ጫኝና አውራጅ የሚጠይቀው አንዳንዴ የመኪናውን ኪራይ ሩብ ይደርሳል። የዕቃው ዝርዝር ከነግምቱ ተያይዞ ሾፌሩ ይፈርምበት። ግምቱን መጻፍ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው፤ በማጓጓዝ ሕግ የአጓጓዡ ኃላፊነት ጣሪያ ሊደረግበት ስለሚችል፣ ዋጋው አስቀድሞ ያልተገለጸ ውድ ዕቃ ሲጠፋ የሚከፈለው ከዋጋው በጣም ሊያንስ ይችላል። መኪናው የሚለጥፈው የሦስተኛ ወገን መድን ለጫነው ዕቃ የተገባ ዋስትና አይደለም፤ ዕቃው በብዙ መቶ ሺህ ብር የሚገመት ከሆነ የጉዞ ላይ ዕቃ መድን ከመድን ድርጅት ለብቻው መግዛት ያስፈልጋል። የትምህርት ማስረጃ፣ የቤት ካርታ፣ ወርቅና ጥሬ ገንዘብ በምንም ዓይነት መኪናው ላይ አይጫኑ።

የጀጎሉ ነገር ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። አይሱዙ በግንቡ ውስጥ እስካለው የፈረስ መጋላ አደባባይ ሊደርስ ይችል ይሆናል፤ ወደ ውስጥ የሚገቡት ጠባብ መንገዶች ግን ለእግረኛና ለአህያ የተሠሩ ናቸው፤ ቁም ሳጥንና የሳሎን ወንበር በሰው ሸክም እንጂ አይገቡም። ውሉ «ሐረር ድረስ» ብቻ ካለ ሾፌሩ ከግንቡ ውጭ አራግፎ ቢመለስ ግዴታውን ተወጥቷል ሊባል ይችላል። ስለዚህ የመረከቢያው ቦታ በስም ይጻፍ፤ ከዚያ እስከ ቤቱ ደጅ ለሚደረገው ሸክም ማን እንደሚከፍል ይጻፍ፤ እኅትዎም አስቀድማ ለዚያ ሰፈር ሰዎች ነግራ ትቆይ። ትልቁ ቁም ሳጥን ተፈትቶ ይጫን፤ በሩ ላይ ደርሶ አልገባም ማለቱ ከመንገዱ ሁሉ የከፋ ወጪ ያመጣል። ጉዞው ከታኅሣሥ 19 እና ከሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል በዓላት ሳምንት ጋር እንዳይገጥም ይጠንቀቁ፤ በእነዚያ ቀኖች መንገዱ በምእመናን ተሽከርካሪዎች ስለሚጨናነቅ የመድረሻ ቀን ቃል መያዝ አይቻልም። ፍሪጁ ቀጥ ብሎ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ ይታሰር፤ መስታወት በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በቁመቱ ይቀመጥ፤ በክረምት ከሆነ ሸራው ሳይቀደድ መኖሩን ራሷ ትይ፤ የጨርጨር ደጋ ዝናብ ፍራሽ ውስጥ ከገባ አይወጣም።

ከሁሉ በላይ አከፋፈሉ ይጠበቅ። ሲጫን ከዋጋው ሲሦ ያህል ለነዳጅ መስጠት ተገቢ ነው፤ የቀረው ግን ዕቃው በቀን ብርሃን ተራግፎ፣ በዝርዝሩ ላይ አንድ በአንድ ምልክት ተደርጎበት፣ የተበላሸው በመረከቢያው ወረቀት ላይ በእጅ ተጽፎ ሾፌሩም ከፈረመበት በኋላ ይከፈል። ሾፌሩ አልፈርምም ካለ ያልፈረመ መሆኑ እዚያው ይጻፍ፤ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ማታ ከደረሰ ሌሊቱን መኪናው ላይ አድሮ ጠዋት ይራገፍ፤ የአንድ ሌሊት አበል መክፈል በጨለማ ከመረከብ ይሻላል።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ልመለስና ስለ ዕርቅ አንድ ነገር ልጨምር፤ ማስጠንቀቂያው ሲደርሳቸው በሽማግሌ እንጨርስ ማለታቸው የሚጠበቅ ነው፤ እኔም እንዲቀበሉ እመክራለሁ። 18,000 ብሩን ሙሉ በሙሉ፣ የፍሪጁን ጥገናና የመስታወቱን ዋጋ ከከፈሉ፣ በካርቶኖቹና በፍራሾቹ ላይ ጥቂት ቢቀንሱም ክሱ ከሚወስደው ጊዜና ወጪ አንጻር ይህ ጥሩ ውጤት ነው፤ ከ18,000 ብሩ ግን አንድ ብር አይቀንሱ። ስምምነቱ የሚከፈለውን መጠንና ቀን ይዞ በጽሑፍ ይሁን፤ ገንዘቡ በሒሳብዎ ሳይገባ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ሰነድ አይፈርሙ።